«ከቤት ጠፋሁ» በእንግሊዝኛ ሲባል

እሁድ እሁድ ከሰዓት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ለሀበሾች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ ቤሩት እያለች የደረሰባትን ልትነግረን ተነሳች። «አይ ሎስት ፍሮም ዘ ሀውስ» ብላ ጀመረች። ሊያግዘኝ የመጣው አሜሪካዊ ደንግጦ «ምን ጠፋብሽ?» አላት። እሷ የምትነግረው የ8 ወር ደሞዟን የከለከሏትን ሰዎች ቤት ጥላ በሌሊት ስለ መውጣቷ ነው። እሱ የጠፋ ዕቃ እየፈለገ ነው። ዝም ብላ ተቀመጠች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥፋቱ የ«ጠፋ» ነው። በአማርኛ ቁልፍም ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል፣ ሰውም ከቤት ይጠፋል። ሰው ከሚኖርበት ቤት ወይም ከሚጠብቁት ሰዎች ሾልኮ ሲሄድ እንግሊዝኛው «ረን አዌይ» ይላል። መሮጥ ግዴታ አይደለም፤ ታክሲ ይዞም ይሆናል። ላለፈ ጊዜ «ራን አዌይ» ነው፤ አፋችሁን ከፈት አድርጉት። ከ«ሃቭ» በኋላ ግን ተመልሶ «ረን» ይሆናል። የሸሻችሁትን ስትጠሩ «ፍሮም»ን አትርሱ፦ «ሺ ራን አዌይ ፍሮም ሄር ኢምፕሎየር»፣ ከአሠሪዋ ጠፋች።

«አመለጠ» ሌላ ነው። «ረን አዌይ» መሸሹን እንጂ ማምለጡን አይነግረንም። ሌባው «ራን አዌይ» ብሎ ጥግ ላይ ሊያዝ ይችላል። ካመለጠ «ጋት አዌይ» በሉ። እዚህ ላይ «ዊዝ» ከተጨመረ ደግሞ ትርጉሙ ይዞራል፦ «ሂ ጋት አዌይ ዊዝ ኢት» ማለት አጥፍቶ ሳይቀጣ ቀረ ነው።

ለ«ኮበለለች» «ሺ ራን አዌይ ዊዝ ሂም» ይሆናል። አደራ፣ ለጠለፋ እንዳትጠቀሙበት። ይህ አባባል ልጅቷ ወዳ መሄዷን ይናገራል። ተጠልፋ ከሆነ «ሺ ወዝ አብዳክትድ» ነው። አንዲት እናት የእህታቸውን ታሪክ ሲነግሩኝ በዚህ ስህተት ጠለፋው የፍቅር ታሪክ ሊመስል ነበር።

በስፖርትም ትሰሙታላችሁ። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ሁለተኛዋ 6 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። «ሺ ራን አዌይ ዊዝ ዘ ሬስ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ በሰፊው መርታት።

ጦርነትና ስደት ላይ ስትደርሱ ግን «ረን አዌይ»ን ተዉት። ይገባቸዋል፤ ለጆሮ ግን ከቤቱ የኮበለለ ልጅ ወይም ግዳጁን ጥሎ የጠፋ ወታደር ያስመስላል። ትክክለኛው «ፍሊ» ነው፣ ያለፈው «ፍሌድ»። «ዊ ፍሌድ ዘ ዋር» በቂ ነው፤ «ፍሮም» ባይኖርም ይሆናል። የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ያለባችሁ ይህን ያዙልኝ። አስተርጓሚ ካለ በአማርኛችሁ ተናገሩ፤ ግን «ጠፋሁ» ብላችሁ አትለፉት። ከማን፣ ከየት፣ ምን ፈርታችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣችሁ ዘርዝሩት።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ከቤቱ የጠፋ ልጅ «ረነዌይ» ይባላል። አውሮፕላን የሚያርፍበት ግን «ረንዌይ» ነው። ደለስ ኤርፖርት የምትሠሩ፣ መሃሏን «ነ» ጠብቋት።

በሚቀጥለው እሁድ ያቺ ተማሪዬ ጠመኔውን ራሷ አነሳች። «አይ ራን አዌይ ፍሮም ዘ ሀውስ አት ናይት» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ከሥሩም ሳልነግራት «አይ ጋት አዌይ» ጨመረች።