ቨርቹዋል ማሽኖችን ከላፕቶፕ ጋር ብቻ ማገናኘት፣ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ሳይነኩ

ዊንዶውስ ሰርቨር የሚለማመድ ሰው አንድ ቀን ዲኤችሲፒ መትከሉ አይቀርም። ዲኤችሲፒ ለኮምፒውተሮች የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርክ ላይ የሚለዩበትን ቁጥር፣ የሚያድል አገልግሎት ነው። ልምምዱ በመሥሪያ ቤት ኬብል ላይ ከሆነና የኔትወርክ ምርጫው ከተሳሳተ፣ ያ የልምምድ ሰርቨር ለጎረቤት ቢሮ ኮምፒውተሮችም አድራሻ ማደል ሊጀምር ይችላል። ያኔ የሒሳብ ክፍሉ ፕሪንተር ይጠፋል። አንዱ ኢንተርኔት አለኝ ሲል ሌላው የለም ይላል። የአይቲ ክፍል ሰዎች ምክንያቱን ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ።

ይህን ፈርቶ ልምምዱን መተው አያስፈልግም። ልምምዱን በቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ በፕሮግራም በሚፈጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ እንሠራዋለን። ማሽኖቹ እርስ በርስ ይነጋገሩ፣ ከላፕቶፑም ጋር ይነጋገሩ፤ ከዚያ አልፈው ግን ማንንም እንዳይደርሱ፣ ማንም እንዳይደርስባቸው ማድረግ ይቻላል። እዚህ የማሳየው በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ፣ ቨርቹዋል ማሽን በሚፈጥረው በቨርቹዋልቦክስ 7 ፕሮግራም ነው። ሁለት ማሽን አለን እንበል፦ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር፣ አንድ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ። የላፕቶፑ ራም 16 ጊጋ ቢሆን ሁለቱን አብሮ ማስነሳት ይመቻል።

ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ መጀመሪያ የአይቲ ክፍሉን አነጋግሩ። ቨርቹዋልቦክስ ሲጫን የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል። በሚጫንበት ጊዜም የላፕቶፑን ኔትወርክ ለአፍታ ያቋርጣል፤ ስለዚህ ፋይል እየላካችሁ ወይም ስብሰባ ላይ ሆናችሁ አትጫኑት። ዋናው ፕሮግራም ነፃ ነው። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ግን ነፃ የሚሆነው ለግል አገልግሎት፣ ለትምህርትና ለሙከራ ነው። ለዛሬው ሥራ አያስፈልገንም፣ ተዉት።

«ናት» (NAT) ከለላ አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቨርቹዋልቦክስ አዲስ ማሽን ሲፈጥር ኔትወርኩን ናት በሚባለው ዘዴ ያገናኘዋል። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ያገኛል፣ ኢንተርኔትም ወዲያው ይሠራለታል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ማሽኑን በቀጥታ ሊያገኘው አይችልም። በዚህ ምክንያት «ናት ላይ ነው፣ ተነጥሏል» ሲባል ይሰማል።

አልተነጠለም። የሚዘጋው ከውጭ ወደ ውስጥ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ያለው ክፍት ነው። ላፕቶፑ የሚደርስበት ሁሉ ማሽኑም ይደርስበታል፦ የፋይል ሰርቨሩ፣ ፕሪንተሩ፣ የባልደረባችሁ ኮምፒውተር። ከላፕቶፑ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያገናኝ ቪፒኤን ከከፈታችሁም የማሽኑ ትራፊክ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ያልፋል፤ ቤታችሁ ብትሆኑም ያው ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማሽኑ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በላፕቶፑ አድራሻ መመዝገቡ ነው። በሰው መታወቂያ ከተማ ውስጥ እንደሚዘዋወር ሰው ማለት ነው። የልምምድ ማሽኑ ቫይረስ ይዞት የቢሮውን ኮምፒውተሮች መፈተሽ ቢጀምር፣ መዝገቡ ላይ የሚገኘው የእናንተ ላፕቶፕ ነው።

ብሪጅድ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ነገሩን ግልጽ አድርጎ ያወጣዋል። ማሽኑ 08:00:27 ብሎ የሚጀምር የራሱ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ይዞ፣ እንደ አንድ አዲስ ኮምፒውተር ቢሮው ኔትወርክ ላይ ይቀመጣል። መግቢያ ላይ ያነሳሁት የዲኤችሲፒ ችግር የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የቢሮው ኬብሎች በሚሰኩበት መሣሪያ፣ በስዊቹ ላይ፣ ፖርት ሴኩሪቲ የሚባል ጥበቃ ያበራሉ። አንድ ማክ አድራሻ ብቻ በሚፈቀድበት ፖርት ላይ ሁለተኛ ሲታይ ስዊቹ ፖርቱን ሊዘጋው ይችላል፤ ላፕቶፓችሁም አብሮ ይቋረጣል።

ለእኛ የሚሆኑ ሌሎች ሁለት ዘዴዎች አሉ። ኢንተርናል ኔትወርክ ማሽኖቹን እርስ በርስ ብቻ ያገናኛል፣ ላፕቶፑን አይጨምርም። ሆስት ኦንሊ ላፕቶፑንም ይጨምራል። ከላፕቶፑ ሆናችሁ ማሽኖቹን በሪሞት ዴስክቶፕ ወይም በኤስኤስኤች መቆጣጠር ስለምትፈልጉ የዛሬው ምርጫችን ሆስት ኦንሊ ነው። ቫይረስ ያለበትን ፋይል ለመመርመር ካሰባችሁ ግን ሆስት ኦንሊ አይበቃም። ማሽኑ ላፕቶፑን ያየዋል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ቢሮው ላይ ተሰክቷል። እንዲህ ላለው ሥራ ኢንተርናል ተጠቀሙ፤ የተሻለው ደግሞ ለዚሁ ብቻ የተመደበ ሌላ ኮምፒውተር ነው።

መጀመሪያ የቢሮውን አድራሻ እወቁ

ላፕቶፑ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና አይፒኮንፊግ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፉ። የሚወጣውን የአይፒቪ4 አድራሻና የዲፎልት ጌትዌይ አድራሻ ወረቀት ላይ ያዙ። ቪፒኤን ካላችሁ እሱንም ክፈቱና ድገሙት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ለውስጥ ኔትወርክ የተመደቡት አድራሻዎች ሦስት ቤተሰብ ናቸው፦ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት። መሥሪያ ቤቱም እናንተም የምትጠቀሙት ከእነዚሁ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ለሆስት ኦንሊ 192.168.56 ብለው የሚጀምሩትን ይሰጣል። ቢሮው ይህንኑ የሚጠቀም ከሆነ ላፕቶፑ መልእክቱን ወዴት እንደሚልክ ይምታታበታል። ያኔ የእናንተን ወደ 192.168.57 ቀይሩት። በሊኑክስና በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ከ6.1.28 ወዲህ ያሉት ቨርቹዋልቦክሶች የሚቀበሉት ከ192.168.56.0 እስከ 192.168.63.255 ያለውን ብቻ ነው፤ ሌላ ከፈለጋችሁ የኮንፊገሬሽን ፋይል መጻፍ ይጠይቃል።

ኔትወርኩን መሥራት

ቨርቹዋልቦክስን ክፈቱ። ፋይል፣ ቱልስ፣ ከዚያ ኔትወርክ ማኔጀር። ሆስት ኦንሊ ኔትወርክስ የሚለው ገጽ ላይ ዊንዶውስ ላይ ሲጫን የተፈጠረ አንድ አዳፕተር (የኔትወርክ ካርድ) ታገኛላችሁ። ከሌለ ክሪኤት የሚለውን ተጫኑ። የላፕቶፑ አድራሻ 192.168.56.1፣ ማስኩ (የአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 255.255.255.0 መሆኑን አረጋግጡ።

እዚያው ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚል ሌላ ገጽ አለ። በሰርቨራችሁ ላይ የራሳችሁን ዲኤችሲፒ ልትለማመዱ ከሆነ ይህን አጥፉት። በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አዳይ ካለ የትኛው ቀድሞ እንደሚመልስ አይታወቅም፣ ልምምዱም ግራ ያጋባችኋል።

አሁን ማሽኖቹን አጥፉ። ሰርቨሩን መርጣችሁ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ። አዳፕተር 1 ላይ አታችድ ቱ የሚለውን ሆስት ኦንሊ አዳፕተር አድርጉ። ስሙ ቅድም ያያችሁት አዳፕተር መሆኑን ተመልከቱ። አዳፕተር 2፣ 3 እና 4 ያልበሩ መሆናቸውን አንድ በአንድ እዩ። ለኡቡንቱውም እንዲሁ።

አዳፕተር 2ን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። «አንዱን ሆስት ኦንሊ፣ ሌላውን ናት አድርጉ፤ ሁለቱንም ታገኛላችሁ» የሚል ምክር በብዛት ይሰጣል። ቤት ውስጥ ጥሩ ምክር ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ያጠራችሁትን ግቢ በጓሮ በር መክፈት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኬብል ወይም ዋይፋይ በተገናኘበት ላፕቶፕ ላይ አታድርጉት።

አድራሻ በእጅ መስጠት

ማሽኖቹን አስነሱ። ሰርቨሩ ላይ የኔትወርክ አዳፕተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ አይፒቪ4 ላይ 192.168.56.10፣ ማስኩን 255.255.255.0 ጻፉ። ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ላይ የራሱን አድራሻ ስጡት። ኡቡንቱ ላይ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ጥርስ ያለው የማርሽ ምልክት፣ አይፒቪ4፣ ማኑዋል። አድራሻው 192.168.56.20፣ ማስኩ ያው፣ ዲኤንኤሱ 192.168.56.10።

ጌትዌይ የሚለውን በሁለቱም ላይ ባዶ ተዉት። ጌትዌይ ከኔትወርኩ ውጭ ላለ አድራሻ መውጫ በር ነው። መውጫ የሌለው ማሽን የቢሮውን አድራሻ ቢጠሩለት እንኳ ወዴት እንደሚልክ አያውቅም።

ፋየርዎሉ

ሁሉን በትክክል ሠርታችሁም ማሽኑ ላፕቶፑን ፒንግ ሲያደርግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» ብሎ በፒንግ ትዕዛዝ ሲጠይቅ፣ መልስ ላይመጣ ይችላል። አትደንግጡ። ዊንዶውስ የሆስት ኦንሊውን ኔትወርክ ስለማያውቀው ፐብሊክ ብሎ ይመድበዋል፣ ፋየርዎሉም ፒንግን ያግዳል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ፋየርዎሉን ጨርሶ ያጠፋል። እባካችሁ አታድርጉት። የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ ነገ ካፌ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ትከፍቱታላችሁ።

በምትኩ የዊንዶውስ ፋየርዎልን አድቫንስድ ገጽ ክፈቱ። ኢንባውንድ ሩልስ ውስጥ ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ፣ ኤኮ ሪኩዌስት፣ አይሲኤምፒቪ4 የሚለውንና ፐብሊክን የሚጨምረውን ሕግ ፈልጉ። ፕሮፐርቲስ፣ ስኮፕ ገብታችሁ ሪሞት አድራሻው ላይ 192.168.56.0/24 ብቻ እንዲሆን አድርጉና አብሩት። የሰርቨሩ ፋየርዎልም ፒንግ ከከለከለ እዚያም ተመሳሳዩን አድርጉ። የአይቲ ክፍሉ የላፕቶፑን ፋየርዎል ቆልፎት ከሆነ ከእሱ ጋር አትታገሉ። ከማሽን ወደ ላፕቶፕ ሳይሆን ከላፕቶፕ ወደ ማሽን ፒንግ አድርጋችሁ ግንኙነቱን ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

መሥራቱንም አለመሥራቱንም መፈተሽ

ከኡቡንቱ 192.168.56.10ን፣ ከዚያ 192.168.56.1ን ፒንግ አድርጉ። መልስ መምጣት አለበት። ማሽኑ ላይ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ በእጅ የሰጣችሁት አልተያዘም፣ አድራሻ የሚሰጠውም አላገኘም ማለት ነው። ተመልሳችሁ አስገቡት።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። ዋናው ፈተና ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ መሥራት የሌለበት ነገር አለመሥራቱን ማየት። ወረቀቱ ላይ የያዛችሁትን የቢሮ ጌትዌይ ከኡቡንቱ ፒንግ አድርጉ። ኔትወርኩ ሊደረስበት አይችልም የሚል መልስ ሊመጣ ይገባል። ዊንዶውስ ሰርቨሩ ላይ ጀነራል ፌይለር ይላል። የላፕቶፑን የቢሮ አድራሻና 8.8.8.8ንም ሞክሩ፤ ሁሉም እምቢ ማለት አለባቸው። አንዱ እንኳ ከመለሰ ዲኤችሲፒውን ከማብራታችሁ በፊት ቆም በሉና ምክንያቱን ፈልጉ።

ቀዳዳው በአብዛኛው ከእነዚህ በአንዱ በኩል ነው። ላፕቶፑ ላይ አይፒኮንፊግ ብላችሁ ኦል የሚለውን ጨምሩበት። ከላይ አካባቢ አይፒ ራውቲንግ ኢኔብልድ የሚል መስመር አለ፤ ኖ ማለት አለበት። የስ ካለ ላፕቶፑ በሁለቱ ኔትወርኮች መካከል እንደ ራውተር እየሠራ ነው። ከዚያ የቢሮውን አዳፕተር ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ሼሪንግ በሚለው ገጽ ላይ ኢንተርኔት ማጋራት አለመብራቱን እዩ። በኔትወርክ ኮኔክሽንስ ውስጥ ሁለቱን አዳፕተሮች የሚያጣምር ኔትወርክ ብሪጅ ካለም አስወግዱት።

በኬብል የማይሄድ መንገድም አለ። የጋራ ፎልደርና የጋራ ክሊፕቦርድ ፋየርዎልም ሆነ አይፒ አያግዳቸውም። የቢሮ ሰነዶች ያሉበትን ፎልደር ለማሽኑ ካጋራችሁ የኔትወርኩ መዘጋት ትርጉም የለውም። የግድ ካስፈለገ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ፣ ሪድ ኦንሊ አድርጋችሁ አጋሩ።

ስናፕሾት ላይ፣ ማለትም ኋላ ለመመለስ በሚያዘው የማሽኑ ቅጂ ላይም፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቨርቹዋልቦክስ ስናፕሾት የሚይዘው ዲስኩን ብቻ ሳይሆን የማሽኑን ሴቲንግም ነው። ማሽኑ ናት ላይ ሳለ ያነሳችሁትን ስናፕሾት ነገ ብትመልሱ፣ ማሽኑ ተመልሶ ናት ላይ ይነሳል። ስለ ኔትወርኩ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጣችሁም። ስለዚህ ሆስት ኦንሊ ካደረጋችሁትና ከፈተሻችሁት በኋላ አዲስ ስናፕሾት አንሱ፣ ስሙንም «የተነጠለ» በሉት። አሮጌ ስናፕሾት በመለሳችሁ ቁጥር ከማስነሳታችሁ በፊት የኔትወርኩን ገጽ እዩ።

ማሽኑ ኢንተርኔት ሲያስፈልገው

አንዳንዴ አንድ ፕሮግራም መጫን ወይም አፕዴት ማድረግ የግድ ይሆናል። ቀላሉ መንገድ ፋይሉን በላፕቶፑ ማውረድና በሪድ ኦንሊው ፎልደር ወደ ማሽኑ ማስገባት ነው። ፋይሉ ብዙ ከሆነ ላፕቶፑን ወደ ቤት ስትወስዱ፣ ቪፒኤኑን ዘግታችሁ፣ የሰርቨሩን ዲኤችሲፒ አቁማችሁ፣ አዳፕተሩን ለጊዜው ወደ ናት ቀይሩት። በእጅ የሰጣችሁትን አድራሻም ወደ አውቶማቲክ መልሱ፤ ያለዚያ ናቱ አይሠራም። ስትጨርሱ ሁሉንም ወደነበረበት መልሱና የእምቢታውን ፈተና ደግማችሁ ሥሩ። ለልምምዱ የሞባይል ዳታ ፓኬጅ ገዝታችሁ ቢሮ ውስጥ ለመጠቀም ካሰባችሁ ደግሞ የቢሮውን ኬብልና ዋይፋይ መጀመሪያ ነቅላችሁ ይሁን፤ ናት ላፕቶፑ ባገኘው መንገድ ሁሉ ይወጣልና።

በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩም ተመሳሳዩን ታገኛላችሁ። ቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ላይ ቪኤምኔት1 ሆስት ኦንሊ፣ ቪኤምኔት8 ናት፣ ቪኤምኔት0 ብሪጅድ ነው። በዊንዶውስ ሃይፐር ቪ ላይ አዲስ ስዊች ስትፈጥሩ ኢንተርናል የሚለው ላፕቶፑን ይጨምራል፣ ፕራይቬት የሚለው ማሽኖቹን ብቻ ያገናኛል። ስለዚህ የሃይፐር ቪው ኢንተርናል የሚተካው የቨርቹዋልቦክሱን ሆስት ኦንሊ ነው፤ ስሙ ተመሳሰለ ብላችሁ ከቨርቹዋልቦክሱ ኢንተርናል ጋር አታምታቱት። ኤክስተርናል የሚለውን በቢሮ ኬብል ላይ አትምረጡ።