ምሰሶ የሌላት ጎጆ አሠራር

ኮምቦልቻ ላይ ብረት በያጅ ነኝ። የቀን እንጀራዬ በርና መስኮት ነው። ልቤ ያለው ግን ባክሚንስተር ፉለር ላይ ነው። ይህ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው የመጀመሪያ ልጁ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ቀላልና ርካሽ መጠለያ ሲፈልግ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ያቆመው ጉልላት፣ ማለትም ምሰሶ የሌለው ክብ ቤት፣ 76 ሜትር ስፋት አለው፤ ዛሬም አለ። ምስጢሩ ሦስት ማዕዘን ነው። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይንጋደዳል፣ ሦስት ማዕዘን ግን ንቅንቅ አይልም።

ለችግኝ የምትሆን፣ 4 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከፍታ ያላት እንዲህ ያለች ጎጆ እንሥራ። ባለ 6 ሜትር የግማሽ ኢንች ቱቦ 15 ይበቃል። 30 አጭር በ1.13 ሜትር፣ 35 ረጅም በ1.28 ሜትር ቁረጡ። ጫፎቹን በመዶሻ ጠፍጥፉና ከጫፉ 2 ሳንቲም ገባ ብላችሁ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ብሱ። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ አጭሩ 1.09፣ ረጅሙ 1.24 ይሁን። እዚህ ላይ አትቸኩሉ! ከዚያ በሞርሳ (በብረት መያዣው) ይዛችሁ የአጭሩን ጫፎች 16፣ የረጅሙን 18 ዲግሪ ወደ ውስጥ እጠፉ።

አጭሮቹን ቀይ ቀቧቸው። እኔ ሳልቀባ ጀምሬ ሁለቱን አደባልቄ፣ አመሻሹ ላይ ሁሉንም ፈታሁ። አብሽሩ፣ ፉለርም እ.ኤ.አ. በ1948 ከተማሪዎቹ ጋር የሞከረው የመጀመሪያው ትልቅ ጉልላት አልነሳ ብሎት መሬት ላይ ቀርቷል። በዓመቱ ሌላ አቆመ።

አሁን 10 ረጃጅሞችን በክብ አያይዙ። በላያቸው ሁለት አጭር፣ ቀጥሎ ሁለት ረጅም እያፈራረቃችሁ እንደ ጣሪያ አጋጥሟቸው። አሥሩን አናት በ10 አጭር አገናኙ። ከአጭሮቹ አናት አንድ አጭር፣ ከረጃጅሞቹ አናት ሁለት ረጅም ወደ ላይ ይወጣል፤ አምስት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አምስቱን በ5 ረጅም እሰሩና በቀሩት 5 አጭሮች ጉልላቱን ዝጉት። በየመገጣጠሚያው አንድ ረዘም ያለ የ8 ሚሊ ብሎን ይገባል፤ በድምሩ 26። ሁሉም ሳይገባ አንዱንም አታጥብቁ። እስከዚያ ድረስ ብረቱ ይወዛወዛል፣ አትደንግጡ።

የኔዋ ስታልቅ አክስቴ ገቡ። ቀና ብለው ዙሪያውን አዩና «አንተ፣ ምሰሶው የታል?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አንዱን ብረት አስጨበጥኳቸው። በሁለት እጃቸው ነቀነቁት። አልነቃነቅ አላቸው።