አኩሪ አተርን ሳይፈጩ ለጠቦት እንዴት ይመግቡታል?

ድሬዳዋ ላይ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ጠቦት አስሮ የሚያደልብ ሰው ብዙ ነው። ፋጉሎ (ከቅባት እህል ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው) ሲወደድ ወይ ከገበያ ሲጠፋ ግራ ይገባናል። አኩሪ አተር ካገኛችሁ ግን ተገላገላችሁ። ከ35 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው፤ 18 በመቶ ገደማ ደግሞ ዘይት ነው። ለዶሮ ጥሬውን አይሰጥም፤ መቆላት ወይም መቀቀል አለበት። በግ ግን ያመሰኳል። ጥሬው ላይ ያለውን ጎጂ ነገር ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ያከሽፉታል። ስለዚህ ለወፍጮም ለማገዶም ብር አታውጡ።

መጀመሪያ ዕድሜውን እዩ። ገና የሚጠባ ግልገል አይሆንም። ጡት ጥሎ ሣር በደንብ የሚበላ፣ 3 ወር የሞላው ይሁን።

ስትገዙ እፍኝ ዘግናችሁ አሽትቱ። ሻጋታ ከሸተተ ተዉት። ቀለም የተነከረ ከሆነ ለዘር የተዘጋጀ ነው፤ መድኃኒት ስላለበት በነፃ ቢሰጧችሁም አትንኩት። አስፈጭቶ ማስቀመጥም አይሆንም። በድሬ ሙቀት ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ጠቦቱም አሽትቶ ይሸሸዋል። ሙሉው ፍሬ ግን ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ወራት ይቆያል።

ዋናው መጠኑ ነው። 20 ኪሎ ለሚሆን ጠቦት በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 30 ግራም፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 100 ስጡና እዚያው ላይ አቁሙ። ዘይት ሲበዛ ሣሩን የሚያብላሉት ሕዋሳት ይዳከማሉ። ጠቦቱ ሣር ይተዋል፣ ያስቀምጠዋል። ሰፈር ሱቅ 100 ግራም አስመዝኑና ጣሳችሁ ውስጥ ጨምሩት፤ የደረሰበት ላይ በሚስማር ጫሩ። በእፍኝ መገመት አልወድም፤ የእኔ እፍኝና የልጄ እፍኝ አንድ አይደለም።

ከእሱ ጋር 150 ግራም ፉርሽካና 150 ግራም በቆሎ ቀላቅሉ፤ እነዚህንም እንደ አኩሪ አተሩ በሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ አድርሱ። በቆሎውም ሳይፈጭ ይሆናል። ደረቅ ሣር ወይም የማሽላ አገዳ ከፊቱ አይጥፋ። ገረባ (ተቅሞ የተረፈ ጫት) የምትሰጡ ከሆነ ፀረ ተባይ ያልተረጨ መሆኑን ጠይቁ። በዩሪያ የታከመ ጭድ ግን ከጥሬ አኩሪ አተር ጋር በፍጹም አይገናኝ! ሆዱ ውስጥ አሞንያ በአንዴ ይለቀቅና ይመርዘዋል።

የቀኑን ድርሻ ለሁለት ከፍላችሁ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ማታ ደግሞ ሲበርድ ስጡ። ሣሩ ይቅደም፤ ባዶ ሆዱን እህል ላይ አይጣደፍ። ንጹሕ ውኃና ጨው ቀኑን ሙሉ ይኑር።

ሲበላ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ፍሬው በመንጋጋው ሲሰበር ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ልቤ ያርፋል። በማግስቱ በጠጡን በእንጨት ፈልፍላችሁ እዩ። አንድ ሁለት ሙሉ ፍሬ ቢገኝ አትደንግጡ። ብዙ ካለ ግን ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በሙቀጫ ሰባብሩለት። በጠጡ ከላላ ወይም ሣሩን ከተወ አኩሪ አተሩን በግማሽ ቀንሱ። ሣሩን እንደ ድሮው መብላት ሲጀምር፣ እንደገና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።