ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፦ ሐዘንተኛ ተራራና ውኃ አይቶ የሚጽናናበት መንገድ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሰው ሲሞት ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ድንኳን ይጥላል፤ ጎረቤቱም ሃይማኖት ሳይለይ ተሰብስቦ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። የሚከብደው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ከቤት መውጣት እጅግ የሚጠቅመውም፣ በእኔ እምነት፣ ያን ጊዜ ነው።

ሲጀምሩ ሩቅ አያስቡ። እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰውነት ቶሎ ስለሚዝል፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደሴ ደግሞ ዳገቱ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር፣ የጦሳን ተራራ እስከ ጫፉ ለመውጣት አይነሡ፤ ከግርጌው ጥቂት ከፍ ብሎ ከተማዋን ቁልቁል እያዩ መቀመጥ ይበቃል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይውጡ፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ እስኪገልጥ ይጠብቁ፤ ጅብ ስለሚኖር ሳይመሽ ይመለሱ። አብሮዎት የሚሄደው ሰው «በቃ፣ አታልቅስ» የሚል ሳይሆን ዝም ብሎ ከጎንዎ መቀመጥ የሚችል ይሁን።

ከተቀመጡ በኋላ ሐሳብዎን ለማባረር አይታገሉ። በሣሩ መካከል ጦስኝ ካገኙ ጥቂት ቅጠል በጣትዎ ፈትገው ያሽትቱ፤ ሽታው ከሟቹ ጋር የጠጡትን ሻይ አስታውሶ እንባ ቢያመጣብዎ ያልቅሱ። ሰው በተሰበሰበበት «ጠንከር በል» ሲባል የታፈነ ለቅሶ መውጫ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ቦታ ነውና አይፈሩት።

ውኃ ማየት ለሚሻ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅ ዳርቻ አለ። እዚያ ወዳለው የእስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ፣ ሴት ሐዘንተኛ ከዳርቻው ላይ ጸጥ ያለ ቦታ ትምረጥ። ባሏ ሞቶባት የ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ (በእስልምና ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ) ላይ ያለች እናት ደግሞ ከደጇ መራቅ አይጠበቅባትም፤ ጧት ጧት ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች የጓሮዋን ጤና አዳምና ጌሾ ብትኮተኩት እጇም ልቧም ሥራ ያገኛል።

ክረምት ሲገባ በሟቹ ስም ወይራ ወይም ጥድ መትከል መልካም ነው፤ ችግኙን ከብት እንዳይበላው ማጠርና በበጋ ውኃ ማጠጣት ስለሚያስፈልግ፣ መነሣት ባስጠላ ቀን እንኳ ከቤት የሚያወጣ ጉዳይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን ሕክምናን አይተካም። ወራት አልፈው እህል አልዋጥ፣ እንቅልፍ አልመጣ ካለ፣ ወይም ሞትን መመኘት ከጀመሩ፣ ለቅርብ ዘመድ ነግረው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።