ሐረርን በቀን፣ ድሬዳዋን በማታ፦ ከጓደኞች ጋር የሙዚቃ ቅዳሜና እሁድ ለማዘጋጀት

ከጓደኞቻቸው ጋር ሙዚቃ ለመስማትና ከተማ ለመዞር ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ያርፉና ሐረርን እሁድ ዕለት በግማሽ ቀን ደርሰው ይመለሱባታል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች ቀን በእግር ለመዞር ትመቻለች፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ቀትሯ እንግዳን ከጥላ የማያስወጣ፣ ምሽቷ ግን ማንንም ቤቱ የማያስቀምጥ ከተማ ናት። ስለዚህ ዓርብ ማታ ሐረር ማደር፣ ቅዳሜ እስከ ከሰዓት በኋላ በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገልን መዞር፣ ማታውን ለሙዚቃ ድሬዳዋ መውረድ፣ እሁድ ማለዳ የቀፊራን ገበያ አይቶ መለያየት ከሁሉም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቀኑ ከመቆረጡ በፊት አጽዋማቱን ማየት ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም በርካታ የሙዚቃ ቤቶች ዝግጅታቸውን ይቀንሳሉ፤ በረመዳን ደግሞ የቀኑ እንቅስቃሴ ቀዝቅዞ ከተሞቹ የሚነቃቁት ከኢፍጣር በኋላ ነው። ከዒድ አልፈጥር ቀጥሎ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም ሐረር ሹዋሊድን ታከብራለች። ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር በከበሮና በዜማ የምትሞላበት ጊዜ ስለሆነ፣ ቀኑን ከእርሱ ጋር ማገጣጠም የቻለ ቡድን ሌላ ዝግጅት መፈለግ የለበትም። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን ግን አልጋም መኪናም ስለሚጠፋ፣ ለንግሡ የማይመጣ ሰው ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ይሻላል። ከአየሩ አንፃር ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለድሬዳዋ ተስማሚ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው።

የገንዘቡን ጉዳይ በተመለከተ ከመነሻው አንድ ገንዘብ ያዥ መርጣችሁ እኩል አዋጡ፤ መጓጓዣው፣ መግቢያውና የጋራ ማዕዱ ከዚያ ይከፈል። መጠጥ የማይጠጡና ጫት የማይቅሙ ጓደኞች በሁሉም ቡድን ውስጥ ስለሚኖሩ፣ የመጠጡንና የጫቱን ወጪ ከጋራው መዋጮ መለየት ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

ዓርብ ሐረር የምትገቡት ከመምሸቱ በፊት ይሁን። በጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች አሉ፤ ክፍሎቻቸው ጥቂት ስለሆኑ አስቀድሞ መያዝ ይገባል እንጂ፣ ነደባው (በቤቱ ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ) ላይ ተቀምጦ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት እያዩ ማምሸት ሆቴል ከሚሰጠው ምቾት እጅግ የሚበልጥ ነገር አለው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከግንቡ ውጭ ለጅቦች ሥጋ የሚሰጡ ሰዎች ዘንድ መሄድ ትችላላችሁ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ጅቡን የሚመግበው ሰው ካላዘዘ በስተቀር አትቅረቡ፤ የሚፈራ ጓደኛ ካለም አታስገድዱት።

ቅዳሜ ጠዋት በቁጢ ወይም በሆጃ ይጀመር። ቁጢ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ሲሆን ሆጃው ወተት የሚገባበት ነው። ከዚያ በኋላ በእግር ውጡ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጁገል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በውስጡ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የወሊዮች (የቅዱሳን ሰዎች) ቦታዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ሥፍራው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብትይዙ መልካም ነው፤ መንገዱ ስለሚጠፋችሁ ሳይሆን፣ የሰው ግቢ ውስጥ በአክብሮት የሚያስገባችሁ እርሱ ስለሆነ ነው። ከፈረስ መጋላ ተነሥታችሁ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሚንኳኳባት መኪና ግርግር በኩል ወደ ግድር መጋላ ብትወርዱ የከተማዋን ሕይወት ትይዛላችሁ። ከሥጋ ተራ የምትገዙትን ሸፍናችሁ ያዙ፤ ጭልፊቶቹ ከእጅ ላይ ይነጥቃሉ።

ለሙዚቃ የመጣ ቡድን ግን የሸሪፍ ሙዚየምን ማለፍ የለበትም። አብዱላሂ ሸሪፍ ባሰባሰቡት በዚህ ቤት ውስጥ ከእጅ ጽሑፎች፣ ከሳንቲሞችና ከአልባሳት ጋር የቆዩ የሐረሪ ሙዚቃ ቅጂዎችም ይገኛሉ፤ ማታ ድሬዳዋ የምትሰሙት ዜማ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ሥፍራ አላውቅም። ዚክሪ (ፈጣሪን በዜማ የማወደስ ሥርዓት) በሚካሄድበት ቦታ የመገኘት ዕድል ከገጠማችሁ ደግሞ ከረቡ የተባለው ከበሮና ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች እንዴት እንደሚቀባበሉ ትሰማላችሁ፤ ሆኖም ይህ የእምነት ሥርዓት እንጂ ለእንግዳ የሚቀርብ ትርዒት አይደለም። ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ፀጉራችሁን ሸፍኑ፣ ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት የአዋቂዎቹን ፈቃድ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደም ስልካችሁን ኪስ አድርጋችሁ አዳምጡ።

ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ይበቃል። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአወዳይ፣ በሐረማያና በደንገጎ ያልፋል። ደርቆ የነበረውና ባለፉት ዓመታት ተመልሶ ውኃ የያዘው የሐረማያ ሐይቅ ዳር ጥቂት መቆም ይገባል። ደንገጎ ላይ ጠመዝማዛው መንገድ ወደ ቆላው ሲወርድ ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይሰማችኋል፤ ጉም ሊኖር ስለሚችልና ከባድ መኪና ስለሚበዛበት ይህን ቁልቁለት በብርሃን ማለፍ ግዴታ አድርጋችሁ ያዙት። ዙረቱን ከሐረር ጀምሩ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ከሙዚቃ ምሽት በኋላ ደክሞት መኪና የሚነዳ ሰው አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሙዚቃው ያለበትን ቤት ቅዳሜ ማታ በመንገድ ላይ መፈለግ ምሽቱን ያባክናል፤ ሐሙስ ዕለት ስልክ ደውሉ። በከዚራና በሳቢያን ሰፈሮች ካሉት ሆቴሎችና የምሽት ቤቶች የምትጠይቁት፣ በዚያ ምሽት የሚጫወተው ሙሉ ባንድ ነው ወይስ በኪቦርድ ብቻ የሚታጀብ ድምፃዊ፣ በስንት ሰዓት ይጀመራል፣ የመግቢያው ዋጋ መጠጥ ያካትታል ወይ የሚለውን ነው። በማስታወቂያ ላይ ከተጻፈው ሰዓት በኋላ ዘግይቶ መጀመሩ የተለመደ ስለሆነ እራታችሁን ሌላ ቦታ ተረጋግታችሁ ብሉ። ጠረጴዛ ስትይዙ ከድምፅ ማጉያው ፊት አትቀመጡ፤ ወደ ጎን፣ መሣሪያ ተጫዋቾቹ ወደሚታዩበት ብትሆኑ ሙዚቃውን ለይታችሁ ትሰማላችሁ፣ ከአጠገባችሁ ካለው ጓደኛም ጋር ማውራት ትችላላችሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ ሙዚቃ መስማት ማለት በብዙ ቋንቋ መስማት ማለት ነው። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ እንደመሆኗ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ አርጎባውና ጉራጌው፣ ከዐረብና ከአውሮፓ የመጣውም ጭምር አብረው ኖረውባታል። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ያደገው በዚህች ከተማ ነው፤ በ1950ዎቹ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጀምሮ፣ ኡድና ጊታር እየተጫወተ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ አዚሞ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አርፏል። ስለዚህ ባንዱ ከዚያው አካባቢ ከሆነ፣ አዲስ አበባ የምትሰሙትን ዘፈን ደግማችሁ አትጠይቁ፤ የአካባቢውን በወረቀት ጽፋችሁ በአስተናጋጁ በኩል ላኩ። የኦሮሞው ጭፈራ ሸጎዬ ሲመጣ ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ቆመው ትከሻና አንገታቸውን እያወዛወዙ ሲቀባበሉ፣ የሶማሌው ዳንቶ ሲመታ ደግሞ እግሩ የግመልን አካሄድ ሲያስታውስ ታያላችሁ። ለመጨፈር አትቸኩሉ፤ አንድ ዙር ቆማችሁ ተመልከቱ፣ ከዚያ የሚያውቅ ሰው ሲጋብዛችሁ ግቡ። አካባቢውን የሚያውቅና ቋንቋውን የሚናገር አንድ ጓደኛ በቡድናችሁ ውስጥ ካለ ግጥሙን በጆሮአችሁ ሹክ ይበላችሁ፤ ምሽቱ በዚህ ምክንያት ብቻ እጥፍ ይሆናል።

መሲንቆ ያለበት ባህላዊ ቤት ከመረጣችሁ አዝማሪው ወደ ጠረጴዛችሁ መጥቶ ስማችሁን እየጠራ ይገጥምላችኋል። ግጥም የሚያቀብል ጓደኛ ካላችሁ ስንኙን ጮክ ብሎ ይስጠው፤ አዝማሪው ተቀብሎ ሲያሳምረው የምሽቱ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው። በስሙ መቀለድ የማይወድ ሰው ካለ ግን አስቀድማችሁ ለአዝማሪው በዝግታ ንገሩት። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ከቀኑ ይዘርዘር፤ ማንም አቅሙ በማይፈቅድለት መጠን እንዲሸልም አይገፋፋ። ሙዚቀኛው የሚኖረው በዚህ ስለሆነ ጨርሶ ሳይሸልሙ መውጣት ግን ነውር ነው።

ወደ ማደሪያ የምትመለሱበትን ባጃጅ ገና ስትመጡ አነጋግሩ፤ ሾፌሩን ስልክ ተቀበሉት፣ የሌሊት እንቅስቃሴ ገደብ ካለም ጠይቁት። በዚያ ምሽት የማይጠጣ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ ሒሳቡንና የሁሉንም ስልክና ቦርሳ የሚቆጣጠረው እርሱ ይሁን።

እሁድ፣ ብታመሹም፣ 1 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስኬድም። ከከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ፉልና ፈጢራ በሻይ ቁርስ ይሆናል። ከዚያ የድሮውን የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አይታችሁ፣ የደቻቱን ወንዝ በድልድይ ተሻግራችሁ ወደ መጋላ ሰፈር እለፉ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከደጋው የወረደው ድንገተኛ ጎርፍ ብዙ ሰው ስለገደለ፣ በዝናብ ወራት ሰማዩ ድሬዳዋ ላይ ጠርቶ እንኳ ቢሆን አሸዋው ውስጥ መውረድ የለባችሁም። ቀፊራ ገበያ ማለዳ ሲሆን ከገጠር የገቡት ሴቶች ቅመሙን፣ ፍራፍሬውንና ጨርቁን ዘርግተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፣ የሚገዛም ሰው ይኑር። ቀትር ሳይሆን ጥላ ወዳለበት ምግብ ቤት ተመልሳችሁ ገንዘብ ያዡ የተረፈውን ያካፍል፤ በአውሮፕላን የሚሄደው ወደ ማረፊያው፣ በመኪና የሚሄደው ገና በብርሃን ወደ መንገዱ።