የላም ጡት በሽታን በአንቲባዮቲክ እንዴት እናክማለን

ሱሉልታ አራት ዲቃላ ላሞች አሉኝ። አንዷ የምትታለበው በሦስት ጡት ነው። አራተኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ታመመች፣ መድኃኒት ጀመርኩላት፣ በሁለተኛው ቀን ወተቷ ሲጠራ "በቃ ድናለች" ብዬ አቆምኩ። በሳምንቱ ጡቷ ድንጋይ ሆነ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒቱን የሚያዘው የእንስሳት ሐኪም ነው። በረት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን የእናንተ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚያ ነው።

መጀመሪያ በሽታው መሆኑን አረጋግጡ። ገና የወለደች ላም ግቷ ቢያብጥ ብዙም አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው፤ ወተቱን ግን እዩት። ከማለባችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ጡት ሦስት አራት ጊዜ ጥቁር ሰሃን ላይ አውጡ። አይብ የመሰለ ቅንጣት፣ ውሃ ውሃ የሚል ወይም ደም የቀላቀለ ወተት ካያችሁ ነገሩ ጀምሯል። ወተቱ ደህና መስሎ በሽታው የሚደበቅበት ጊዜም አለ። ለዚህ መመርመሪያ ፈሳሽ አለ፤ ካጣችሁ 15 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጡና ከወተቱ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ አሽከርክሩት። እንደ ንፍጥ ከተዝለገለገ ያ ጡት ታሟል።

ቀጥሎ ላሟን ራሷን እዩ። ወተቱ ብቻ ተበላሽቶ እሷ የምትበላ ከሆነ ቀላል ነው። ጡቱ ከጠነከረና ሲነኩት የሚፋጅ ከሆነ፣ ሲታለብም የምትራገጥ ከሆነ መካከለኛ ነው። መኖ ትታ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ ዓይኗ ሰርጉዶ ከተኛች ግን ቱቦ (በጡት ቀዳዳ የሚጨመቅ አንቲባዮቲክ) ፍለጋ አትሩጡ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጥሩ። ይህ ብዙ ጊዜ የእበትና የጭቃ ባክቴሪያ፣ እነ ኢ ኮላይ፣ የሚያመጡት ነው። መርዙ ደሟ ውስጥ ስለሚገባ በደም ሥር ፈሳሽና የብግነት ማስታገሻ ያስፈልጋታል፣ በሰዓታት ውስጥ ልትሞትም ትችላለች። ቴርሞሜትር ግዙ፣ ርካሽ ነው። የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከተቻለ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት በንጹሕ ጠርሙስ የወተት ናሙና ያዙና ላብራቶሪ እንዲታይ ሐኪሙን ጠይቁት። ነገሩ ቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አንዳንዱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ለፔኒሲሊን ቶሎ እጅ ሲሰጥ ስታፊሎኮከስ ኦሬስ የሚባለው ጡቱ ውስጥ ተደብቆ ወር ቆይቶ ይመለሳል። ሳይለዩ መድኃኒት መቀያየር ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን ወደ ቱቦው። የታመመውን ጡት ጠብታ እስከማይቀር አልቡት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጡቱን አጥባችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ጫፉን አልኮል በነካ ጥጥ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጥረጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቆሻሻ ካለ መድኃኒቱን ስታስገቡ አዲስ ባክቴሪያም አብራችሁ ትከታላችሁ። የቱቦውን ጫፍ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ አስገቡ። እስከ ውስጥ መሰግሰግ የጡቱን በር ያቆስላል። ቀስ ብላችሁ ጨምቁና የጡቱን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ መድኃኒቱን ወደ ላይ እሹት። መጨረሻ ላይ ለጡት የተዘጋጀ አዮዲን ውስጥ ንከሩት። የጡቱ ቀዳዳ ከታለበ በኋላ ቶሎ ስለማይዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳትተኛ ድርቆሽ ወይም ፉርሽካ አቅርቡላት።

አንድ ቱቦ ለአንድ ጡት ነው፤ ለሁለት ማካፈል የለም። ለመርፌ የተሠራውን ኦክሲቴትራሳይክሊን በሲሪንጅ ጡት ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት። በ12 ወይም በ24 ሰዓት የሚለውን ከመመሪያው እዩ፣ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉ፣ ወተቱ ቢጠራም የታዘዘውን ጨርሱ። እኔ አንድ ጡት ያጣሁት ይህን ባለማድረጌ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ወተቱን መድፋት ነው። የታመመው አንድ ጡት ቢሆንም መድኃኒቱ በደም ስለሚዞር የአራቱም ይደፋል፣ ሕክምናው ላይ እያለችም ካበቃ በኋላም። ስንት ቀን? እሽጉ ላይ ተጽፏል። አንዱ 3 ቀን ይላል፣ ሌላው 4፣ የሚቆጠረውም ከመጨረሻው ቱቦ ነው። መርፌም ከተወጋች ሐኪሙን ጠይቁ፣ ሊረዝም ይችላል። "አፍልቼ እጠጣዋለሁ" የሚል አይጠፋም፤ ማፍላት አንቲባዮቲክን አያጠፋም፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውም ሊጎዳ ይችላል። እርጎ ላደርገው ብትሉም እሺ ብሎ አይረጋም፣ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱ ይገድላቸዋላ። የወተት ማኅበሩ ታንክ ውስጥ ከገባ ደግሞ የጎረቤትንም ወተት ያበላሻል። ለጥጃ መስጠትም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ማድረግ ነው። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድፉት።

እስከዚያው የታመመችው መጨረሻ ትታለብ። ሁሉንም ላም በአንድ ጨርቅ መጥረግ፣ ጣትን ከአንድ የቅቤ ወይም የቫዝሊን ቆርቆሮ እየነከሩ ከላም ላም መሄድ በሽታውን በእጅ ማደል ነው። አላቢ ከቀጠራችሁ ይህን በትሕትና፣ ግን በየቀኑ ንገሩት። በጾም ወቅት ገዢ ጠፋ ብላችሁ ግቷን ሳታራግፉ አትተዉ። እኔ ቤት በሽታው የሚበረታው ሁዳዴ ላይ ነው።

በዚያው ጡት ደጋግሞ የሚያገረሽባት ላም ካለች በየወሩ ቱቦ አትግዙላት። ከመውለዷ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብላ ስትነጥፍ የሚሰጥ፣ ጡት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ሌላ ዓይነት ቱቦ አለ፤ ሐኪሙን ጠይቁት። እሱም ካልያዘላት ያን ጡት ማድረቅ ወይም ላሟን መሸጥ ነው።