ከሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ጋደም ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት እንዴት ይሰራል

ይህ ብስክሌት ኮርቻ የለውም። ነጂው ወንበር ላይ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ፔዳል ይመታል። ወገብና የእጅ አንጓ ያርፋሉ፣ የፊት ለፊት ነፋስም ያን ያህል አይገፋም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ እንዲህ ባለ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄዶ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዓይነቱን ከውድድር አገደው። ለመሥራት የሚያስፈልገው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ዝጎ የቆመ ብስክሌትና እጁ የሰላ በያጅ ነው።

አንዱ ብስክሌት ባለ 26 ኢንች ጎማ ይሁን፤ ከኋላው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ክፍል እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛው ባለ 20 ኢንች ይሁን፤ ከሱ የሚፈለገው የፊት ጎማው፣ ጎማውን የያዘው ሹካ፣ የመሪው ቱቦና የፔዳል ቤቱ (ፔዳሉ የሚሽከረከርበት አጭር ቱቦ) ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው 40 በ40 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ. የሆነ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ቁራጭ ይበቃል። በ1.5 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ ከተሰራ ፔዳል በተመታ ቁጥር መሐሉ ይረግባል። ከመግዛትዎ በፊት ፍሬሙን በማግኔት ይፈትሹ። ካልያዘ አሉሚኒየም ነውና በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም።

ከመቁረጥ በፊት እግር ይለካል። መሬት ላይ ጀርባዎን ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጡ፣ እግርዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ ከግድግዳው እስከ ውስጥ እግርዎ ያለውን ያስለኩ። ከዚያ ላይ 20 ሳ.ሜ. ይቀንሱ፤ 17ቱ የፔዳሉ ክንድ፣ 3ቱ ጉልበት በጥቂቱ እንዲታጠፍ ነው። 105 ሳ.ሜ. ከለኩ ከወንበሩ መደገፊያ ሥር እስከ ፔዳል ቤቱ 85 ሳ.ሜ. ይሆናል። ከዚህ ካጠረ ጉልበት ያማል፣ ከረዘመ ቋንጃ ይሳባል። ሌላው ስህተት በቀለም ይሸፈናል፣ ይሄ ግን አይሸፈንም።

ቀጥሎ ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ሙሉ መጠኑን ይሳሉ። ከመደገፊያው ሥር እስከ ፔዳል ቤቱ 85 ሳ.ሜ. ለደረሰው ሰው ከኋላ አክስል እስከ ፔዳል ቤቱ 120፣ እስከ ፊት አክስል 175 ሳ.ሜ. ይሆናል። ልክዎ ከ85 ከተለየ በልዩነቱ ልክ ሁለቱንም እኩል ይግፏቸው፤ በመካከላቸው ያለው 55 ሳ.ሜ. ግን አይነካም። የፔዳሉ ክንድ 17፣ ከፔዳሉ የሚያልፈው የጫማ ጫፍ 10 ያህል፣ የጎማው ግማሽ 25 ነው፤ ከዚህ ከጠበበ መሪ ሲጠመዘዝ ጫማ ጎማው ውስጥ ይገባል።

ሲቆርጡ የፔዳል ቤቱን ቀኝ ጎን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። የቀኙ የብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ቤቱ ተገልብጦ ከተበየደ ፔዳል ሲመታ የኩሽኔታው መያዣ ራሱን ይፈታል። ሲበየድም በሙቀት ክብነቱ እንዳይጠፋ አሮጌዎቹን የኩሽኔታ መያዣዎች በሁለቱም በኩል አስገብተው ያስበይዱት።

የብስክሌት ቱቦ ግድግዳ 1 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። በ2.5 ኤሌክትሮድ፣ ከ60 እስከ 70 አምፔር፣ አጭር አጭር እያደረጉ ካልሆነ ይቀደዳል። ቀለሙና ኒኬሉ በሞረድ ይጽዳ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ከተበየደ ጭሱ ሰው ያሳምማል። መጀመሪያ አራት ቦታ በነጥብ ብቻ ይያዝ፤ ከዚያ ክር ይምጣ። ክሩን ከኋላ አክስል መያዣው አንድ ጎን አስረው፣ በመሪው ቱቦ ዞረው፣ በሌላው ጎን ይመልሱት። ከክሩ እስከ ኮርቻው ቱቦ በግራም በቀኝም ይለኩ። ከ2 ሚ.ሜ. በላይ ከተለያየ በነጥብ የተያዘውን ሰብረው ያቃኑ። ሙሉ ብየዳውም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተፈራረቀ ይሠራ፤ በአንድ ወገን የተጨረሰ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ፍሬሙን ወደ ራሱ ይስባል።

የፊት ሹካ ዘንበል ማለቱ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ወሳኝ ነው። በመሪው ቱቦ መሐል የሚያልፈውን መስመር በቀጭን ዘንግ እስከ መሬት ይከተሉት፤ ጎማው መሬት ከሚነካበት ከ4 እስከ 7 ሳ.ሜ. ቀድሞ ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ ካረፈ ብስክሌቱ እጅ ውስጥ አይረጋም።

መሪው ከፊት ጎማው ስለሚርቅ የመጀመሪያው ብስክሌት የመሪ ቱቦ እዚህ ያገለግላል። ከፔዳል ቤቱ 20 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ ቱቦላሬው ላይ ይቆምና በአንድ ዘንግ ከፊት ሹካው ጋር ይያያዛል። በሁለቱም ላይ እኩል 5 ሳ.ሜ. ክንድ፣ ሰንሰለት በሌለበት በግራ በኩል፣ ይበየድ፤ ክንዱ ከረዘመ ተረከዝ ዘንጉን ይመታል። ለመጋጠሚያው ከሞተር ሳይክል ማርሽ ዘንግ ላይ የሚወጣ ትንሽ ቦል ጆይንት ይሆናል። የእጅ መያዣው ከጉልበት በላይ እንዲያልፍ ቁመቱን ፔዳሉን እያዞሩ ይወስኑ። ሲጨርሱ የፊት ጎማውን በጉልበትዎ ቆንጥጠው መሪውን ይጠምዝዙ፤ ከተንሸራተተ ብሎኑ አልጠበቀም።

ሰንሰለቱ ወደ 2.9 ሜትር ስለሆነ ሁለት ሰንሰለት ተቀጥሎም ከሦስተኛው ቁራጭ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁሉም ስፋታቸው አንድ ይሁን፤ የተለያየ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ይዘላል። እዚህ ብስክሌት ላይ ዳገት ሲመጣ ቆሞ መምታት የለም፤ ስለዚህ ለደሴ ሰው የፊቱ ማርሽ ከ28 እስከ 32 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ይሁን።

ለወንበሩ የቱቦ ፍሬም ተሠርቶ በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ይጠፈር፣ ልክ እንደ ጠፍር አልጋ። ስፋቱ 35፣ መደገፊያው 55 ሳ.ሜ. ይሁን፣ የመደገፊያው ሥር ከመሬት በ55 ሳ.ሜ. ላይ ይረፍ፣ መደገፊያውም የኮርቻው ቱቦ ጫፍ ላይ ይደገፍ። ከቱቦላሬው ጋር በብየዳ ሳይሆን በብሎን ይታሰር፤ በየ3 ሳ.ሜ. ቀዳዳ ካለው ረጅሙም አጭሩም የቤት ሰው ይነዳዋል።

ሦስት ጎማ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይሄን ይሥራ። ሁለቱ ጎማ ፊት የሚሆነው ዓይነት ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚይዘው። ተራ የብስክሌት አክስል በሁለት በኩል እንዲያዝ የተሠራ ስለሆነ እዚያ ላይ ይታጠፋል። የዊልቸር ጎማ ወይም ቶርኖ ቤት የሚወጣ ወፍራም አክስል ይሻላል። ባለ ሦስት ጎማ መታጠፊያ ላይ ስለማይጋደል ጎማው ከጎን ይገፋል፤ ከ20 ኢንች በላይ የሆነ ቸርኬ ቶሎ ይጣመማል።

የመጀመሪያው ጉዞ ሜዳ ላይ፣ በቀላል ማርሽ ይሁን። መሪውን አይሳቡ፤ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይምቱ። የፊት ጎማው ላይ የሚያርፈው ከክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ ጠጠርና አሸዋ ላይ ይንሸራተታል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወጣ ሰው ረጅም ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ ይስቀል፤ የተሳቢ ሾፌር ከጋቢናው እንዲህ ዝቅ ያለን ሰው አያየውም። በሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ይዘው ከወረዱ ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማውን ያፈነዳል። ሁለቱም ፍሬን ይኑር፣ እየያዙ እየለቀቁ ይውረዱ፣ መሐል ላይ ቆመው ያብርዱት።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ብስክሌቱን ገልብጠው፣ ቱቦላሬው ከመሪው ቱቦና ከኮርቻው ቱቦ የተጋጠመበትን የታች ጎን ይመልከቱ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ብየዳው ተከፍቷል ማለት ነው። በላዩ ላይ አይደርቡበት፤ በግራይንደር እስከ ሥሩ ተበልቶ፣ ባለ 3 ሚ.ሜ. ላሜራ ማጠናከሪያ ተጨምሮበት እንደገና ይበየድ።